አምራቹ የተወው ስፒና ሲሰበር

ዲናሞው ጤነኛ ነው፣ ኮንታክተሩ ይሠራል፣ ፊውዙም አልተቃጠለም፤ ማሽኑ ግን ቆሟል። ምክንያቱ በገመዱ ጫፍ ያለው ኮኔክተር ነው፤ አንድ ፒኑ ቀልጧል፣ ቀፎው ተሰንጥቋል። ግዢ ክፍል ለማሽኑ አምራች ይጽፋል፤ "ይህ ዕቃ ከምርት ወጥቷል" የሚል መልስ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ አንዱ መርካቶ ይላካል፤ ሌላው ዱባይ ላለ ወዳጁ ይደውላል፤ በመጨረሻ ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ገመዱን ቆርጦ፣ ሽቦውን ከሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀልለዋል።

አገራችን ለዚህ ጣጣ የተመቸች ናት። ወንጂ ስኳር ፋብሪካን እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ያስጀመረው የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ የተተከለው ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ነው። ሙገር ሲሚንቶ ሲቋቋም የምሥራቅ ጀርመኖች፣ የናዝሬቱ ትራክተር መገጣጠሚያ ሲቋቋም ደግሞ የሶቪየቶች እጅ ነበረበት። ዛሬ በየኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚገባው የቻይና፣ የቱርክና የሕንድ ማሽን ነው። ሁሉም ማሽኑን ሲልክ የለመደውን ስፒና ገጥሞ ነው የሚልከው። ስለዚህ አንድ የጥገና ሠራተኛ በአንድ ግድግዳ ላይ የሦስት አገርና የሦስት ዘመን ሶኬት ቢያይ አይደንቀውም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። "ጠፋ" ከሚባለው ኮኔክተር ብዙው አልጠፋም፤ የተቀየረው ስሙ ወይም ባለቤቱ ነው። በእርግጥ የጠፋውን ደግሞ ግማሹን ሲያድኑ ከመክረም፣ ወንዴውንና ሴቴውን አንድ ላይ አውጥቶ ዛሬ ገበያ ላይ ባለ ጥንድ መተካት ይሻላል። ዋናው ችሎታ የትኛው ጉዳይ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

ኩባንያው ሲሸጥ ቁጥሩ ይቀራል

አንድ ኮኔክተር ከምርት የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ፈላጊው ሲቀንስ አምራቹ ያረጀውን ሞልድ በአዲስ መተካት አያዋጣውም። ሕግም ያስወጣል። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሪክና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ ካድሚየምን፣ እርሳስንና መሰል መርዛማ ነገሮችን የሚገድበውን ደንብ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለ። ከዚያ በኋላ በካድሚየም የተለበጡት የወይራ ቀለም ያላቸው ክብ ቀፎዎች በብዙ ካታሎግ ውስጥ ለሌላ ልባጥ ቦታ ለቀቁ። ልባጡ ሲቀየር የዕቃው ቁጥርም ይቀየራል፤ በአሮጌው ቁጥር የጠየቀ ሰው "የለም" ይባላል፤ ዕቃው ግን በሌላ ቁጥር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ሌላው ምክንያት የኩባንያ መገዛዛት ነው። ኤ ኤም ፒ የሚባለውን የአሜሪካ ኮኔክተር አምራች እ.ኤ.አ. በ1999 ታይኮ ገዛው። የታይኮ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ራሱን ችሎ ከወጣ በኋላ በ2011 ቲ ኢ ኮኔክቲቪቲ ተባለ፤ በ2012 ደግሞ በከባድ መኪናና በግንባታ ማሽን ላይ የምናውቀውን ዶይችን ጠቀለለ። በዚያው ዓመት ክራውስ ሃይንድስን የያዘው ኩፐር ወደ ኢተን፣ ቶማስ ኤንድ ቤትስ ወደ ኤ ቢ ቢ ገባ። ስለዚህ ቀፎው ላይ "ኤ ኤም ፒ" ተብሎ ቢጻፍና እንዲህ የሚባል ኩባንያ የለም ቢባሉ ተስፋ አይቁረጡ። ከስሙ ሥር የተቀረጸውን ቁጥር ወስደው በአሁኑ ባለቤት ካታሎግ ውስጥ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ እንዳለ ይገኛል፤ ካልተገኘም ተተኪው ከጎኑ ይጻፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ግዢ ክፍሎች የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ማሽኑን የሠራው ኩባንያ ኮኔክተር አይሠራም፤ ይገዛል። ከገዛ በኋላ የራሱን የመለዋወጫ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በማኑዋሉ ላይ የሚያዩት ያንን ነው። የሽመና ማሽን አምራቹ "ከምርት ወጥቷል" ሲል እኔ ማቅረብ ትቻለሁ ማለቱ ነው እንጂ ኮኔክተሩን የሠራው ፋብሪካ ዘግቷል ማለቱ አይደለም። የአምራቹን ትክክለኛ ቁጥር ለማግኘት ቀፎውን በቤንዚን ወይም በአልኮል አጽድቶ፣ በጎን በኩል መብራት አብርቶ ማየት ነው። የተቀረጸ ጽሑፍ ፊት ለፊት በሚበራ መብራት አይነበብም፤ በጎን ሲበራ ጥላው ያወጣዋል። ከውጭ ካልተገኘ ፒኖቹን የያዘው ፕላስቲክ ፊቱ ላይ ወይም ቀፎው ሲከፈት ከውስጥ ሊኖር ይችላል።

ሰዓቱን የሚያነቡት ስፒናዎች

ፋብሪካ ውስጥ፣ ጄኔሬተር ላይና ግንባታ ቦታ በብዛት የሚታዩት ሰማያዊና ቀይ ክብ የፕላስቲክ ስፒናዎች ናቸው። ደረጃቸው አይ ኢ ሲ 60309 ይባላል። በአሮጌ ዕቃ ላይ "ሲ ኢ ኢ 17" ወይም በእንግሊዝ ዕቃ ላይ "ቢ ኤስ 4343" ተብሎ ቢጻፍ ያው ቤተሰብ ነው። "አይ ኢ ሲ 309" ካለም ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የዚያ ድርጅት ደረጃዎች ሁሉ ቁጥራቸው ላይ 60,000 ተደመረበት። አንድ ዕቃ አሮጌ የደረጃ ቁጥር ስለያዘ ብቻ ጠፋ ብሎ ማዘን ስለዚህ ከንቱ ነው።

ቀለሙ ቮልቴጁን ይናገራል። ቢጫ ከ100 እስከ 130፣ ሰማያዊ ከ200 እስከ 250፣ ቀይ ከ380 እስከ 480 ቮልት ነው። የአምፔሩ ደረጃ 16፣ 32፣ 63 እና 125 ሲሆን ስፒናው በአምፔሩ ልክ ይገዝፋል። ፀሐይ የበላው ቀይ ግን ሮዝ፣ ከዚያም ግራጫ ይሆናል፤ ያኔ ፍርዱን የሚሰጠው የመሬት ፒኑ ቦታ ነው። ሴቴውን ከፊት ለፊት ሲያዩት፣ ትልቁን የመምሪያ ጎድጓዳ ወደ ታች አድርገው ይያዙት። የመሬት ቀዳዳው ከሌሎቹ ሰፋ ይላል፤ በሰዓት ፊት ላይ ስንት ቁጥር ላይ እንደቆመ ያንብቡ። ከጎድጓዳው አጠገብ ታች ከሆነ "6 ሰዓት" ነው፤ የተለመዱት ሰማያዊና ቀይ ሁለቱም እዚያ ናቸው። ቢጫው በ4 ሰዓት ላይ ነው።

ስልክ ላይ ሲነጋገሩ አንድ ነገር ያስተውሉ። ይህ የሰዓት አቆጣጠር ቁጥሩ የታተመበትን ቦታ ነው የሚከተለው፤ እኛ "ስድስት ሰዓት" ስንል የሰዓቱ እጅ 12 ቁጥር ላይ ነው። "የመሬቱ ፒን ስድስት ሰዓት ላይ ነው" ብሎ ለሻጭ መንገር ብቻውን አያስተማምንም፤ "ታች፣ ከጎድጓዳው ትይዩ" ብለው ይጨምሩበት ወይም ፎቶ ይላኩ።

የሰዓቱ ጉዳይ ቀልድ እንዳልሆነ የሚያሳየው የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብም ሆነ ጅቡቲ የሚያዩት የማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ስፒና 32 አምፔር፣ ባለ አራት ፒን፣ ቀይ ነው። ከፋብሪካው ቀይ 32 አምፔር ስፒና ጋር በመልክ መንትያ ናቸው፤ ግን የኮንቴይነሩ የመሬት ፒን በ3 ሰዓት ላይ ስለሆነ አይገባም። ያገለገለ ኮንቴይነር ገዝቶ የሥጋ ወይም የአቮካዶ ማቆያ ሊያደርገው ያሰበ ነጋዴ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር ሲታገል ይውልና "የድሮ ሞዴል ነው፣ ስፒናው የለም" ይላል። ዕቃው አለ፤ ሲያዝዝ "3 ሰዓት" ማለት ብቻ ነው የቀረው። የመምሪያውን ጥርስ በፋይል በልቶ ማስገባት ግን ዕብደት ነው። ያ ጥርስ የተሠራው የመሬት ፒን ፌዝ ቀዳዳ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ከገባ የኮንቴይነሩ ገላ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሆናል።

በ63 እና በ125 አምፔሮቹ ላይ መሐል ያለችው ቀጭን ፒንም ትረሳለች። አጭር ስለሆነች ሲያስገቡ መጨረሻ ትነካለች፣ ሲነቅሉ መጀመሪያ ትለቃለች። ሥራዋ ሌሎቹ ፒኖች ገና ሳይላቀቁ ኮንታክተሩን ማጥፋት ነው። በአዲሱ ስፒና ላይ ሳትታሰር ከቀረች ወይ ማሽኑ አይነሣም፣ ወይ ደግሞ በጭነት ላይ ሲነቀል ብልጭታው ፊት ላይ ይመጣል።

ከአውሮፕላን የመጣው ክብ ኮኔክተር

በጃፓን ሲ ኤን ሲ ማሽኖች ሰርቮ ሞተር ላይ፣ በብየዳ ማሽን መቆጣጠሪያ ላይ፣ በአሮጌ የመለኪያ መሣሪያ ጀርባ ላይ የሚገኘው በጥርስ የሚጠብቅ የብረት ክብ ኮኔክተር መነሻው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር ደረጃ ነው። ዛሬም በብዙ ኩባንያዎች ይመረታል። ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ "ጠፋ" የሚባለው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ምሳሌ እንፍታ። ቀፎው ላይ "ኤም ኤስ 3106 ኤ 18-10 ኤስ" ተጽፏል እንበል። 3106 ማለት በገመድ ጫፍ የሚገጠም ቀጥ ያለ ስፒና ነው፤ 3108 ቢሆን ወደ ጎን የታጠፈው፣ 3102 ቢሆን ሞተሩ ላይ በአራት ቪቴ የሚታሰረው ነው። "ኤ" የቀፎውን ዓይነት ይነግራል። 18 የቀፎው መጠን ነው፤ የሚቆጠረውም በኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ 18 ማለት የጥርሱ ዲያሜትር 28.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 10 የፒኖቹ አደራደር መለያ እንጂ የፒን ቁጥር አይደለም፤ 18-10 አራት ፒን ነው ያለው፤ 18-1 ደግሞ አሥር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ "ባለ 10 ፒን" ብሎ ያዝዝና ባለ አራት ይመጣለታል። የመጨረሻው "ኤስ" ሴቴ፣ "ፒ" ቢሆን ወንዴ ነው።

ቁጥሩ ከጠፋ ደግሞ ካሊፐር ይበቃል። ጥርሱ ከውጭ ባለበት ግማሽ ላይ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ይለኩና ለ1.5875 ያካፍሉት፤ የቀፎው መጠን ይወጣል። 31.7 ከለኩ 20 ነው። ሃያ መጠን ቀፎና አሥራ ሰባት ቀጫጭን ፒን ካዩ በብዙ የሰርቮ ኢንኮደር ላይ ያለው 20-29 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከቁጥሩ ጫፍ ደብልዩ፣ ኤክስ፣ ዋይ ወይም ዜድ የሚል ፊደል ካለ አይዝለሉት። ፒኖቹን የያዘው ክፍል ቀፎው ውስጥ በተወሰነ ማዕዘን ዞሮ መቀመጡን ያመለክታል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ስፒናዎች እንዳይለዋወጡ የተደረገ ነው። ያችን ፊደል የዘለለ ሰው ኤልሲ ከፍቶ፣ ወራት ጠብቆ፣ የማይገጥም ዕቃ ይረከባል።

የሶቪየት ሥሪት መሣሪያ ያላቸው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። የሩሲያው "2 ኤር ኤም" የሚባለው ክብ ኮኔክተር በመልኩ አሜሪካዊውን ይመስላል፤ ጥርሱ ግን በሜትሪክ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ሲሞክሩ አንድ ሁለት ዙር ይዞ ይቆማል። ቀፎው አሉሚኒየም ስለሆነ በፒንሳ ካስገደዱት ጥርሱን ይበላና ሁለቱንም ግማሽ ያጣሉ። በቁጥሩ መጨረሻ አካባቢ ሦስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ከታች በአግድም የተያያዙበት የሩሲያ ፊደል ካለ ወንዴ ነው፤ የእኛን "ገ" ቀኝና ግራ ገልብጠው እንደጻፉት ያለ ባለ አንድ ማዕዘን ፊደል ካለ ሴቴ ነው። ይህም ቢሆን ዛሬም ይመረታል።

አራት ማዕዘኑና የአሜሪካው

ስለ አራት ማዕዘኑ የብረት ኮኔክተር ረጅም ወሬ አያስፈልግም። ላስቲክና ፕላስቲክ የሚቀርጹ ማሽኖች የሞልድ ማሞቂያ ላይ፣ ክሬን ላይ፣ ሮቦት ላይ የሚታየው በማንሻ የሚቆለፈው ዓይነት ነው። መንገዱን የከፈተው የጀርመኑ ሃርቲንግ ነው፤ ዊላንድ፣ ኢልሜ፣ ዋይድሙለር፣ ፎኒክስ ኮንታክት እና የቻይና አምራቾችም በዚያው ልክ ይሠራሉ። ባለ 6፣ 10፣ 16 ወይም 24 ፒን፣ የፒኑ ውፍረት 2.5 ሚሊ ሜትር፣ 16 አምፔር የሆነው የተለመደው ዓይነት ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ፒኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሌላ ዓይነት ነው፤ አይቀላቅሉ። አምራቾች ግን ዋስትና የሚሰጡት የራሳቸው ወንዴ ከራሳቸው ሴቴ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ግማሽ ከአንድ ስም መግዛቱ ይመረጣል።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው መጭመቂያ ወይም የብየዳ ማሽን ሲመጣ ደግሞ ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ስፒና ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ ለምሳሌ "ኤል 6-30 ፒ" ይላል፤ ኤል የሚቆለፍ፣ 6 የ250 ቮልት ቤተሰብ፣ 30 አምፔሩ፣ ፒ ወንዴው። እሱን እዚህ ከመፈለግ ይልቅ ማሽኑ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ መሥራት ይችል እንደሆነ ሰሌዳውን አንብቦ፣ ከቻለ ሰማያዊ 32 አምፔር ስፒና መግጠም ነው። በ10 የሚጀምረው የአሜሪካ ስፒና፣ ለምሳሌ 10-30 ወይም 10-50፣ የመሬት ፒን ጨርሶ የለውም። እሱ ቢጠፋ ማንም ሊያዝን አይገባም።

ጽሑፍ የሌለው ሲመጣ

ቁጥሩ ተፍቆ፣ ማኑዋሉ ጠፍቶ፣ ማሽኑን የተከሉት ሰዎች ጡረታ ወጥተው ከሆነ የሚቀረው መለካት ነው። የፒኖቹ ቁጥር፣ ውፍረትና ርዝመት፣ ከመሐል እስከ መሐል ያለው ርቀት፣ የቀፎው ዲያሜትርና የጥርሱ ጥግግት፣ የመምሪያው ቦታ ይለካል። ሁለቱንም ግማሽ ከፊትና ከኋላ፣ ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱ። ፎቶ ሲያዩ አንድ ነገር አይዘንጉ። ወንዴው ከፊት ሲታይና ሴቴው ከፊት ሲታይ የመስታወት ግልባጭ ናቸው። ብዙ የተሳሳተ ግዢና ብዙ የተሳሳተ ሽቦ አሳሰር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ባለ ብዙ ፒን የኤሌክትሮኒክስ ኮኔክተር ከሆነ ርቀቱን በአንድ ጥንድ ፒን መካከል ብቻ አይለኩ። ምዕራቡ በኢንች አንድ አሥረኛ፣ ማለትም በ2.54 ሚሊ ሜትር ሲሠራ፣ ሶቪየቶችና የቀድሞ ምሥራቅ አውሮፓ ብዙውን በ2.5 ሚሊ ሜትር ሠርተውታል። በሁለት ፒን መካከል ልዩነቱ 0.04 ነውና ካሊፐሩም ዓይንም አያምነውም። ከመጀመሪያው እስከ ሠላሳ አንደኛው ፒን ሲደርስ ግን 1.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የመጨረሻዎቹ ፒኖች ይጣመማሉ። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶ በክፍተቶቹ ብዛት ማካፈል ነው የሚያዋጣው።

ግማሹን ማደን ወይስ ጥንዱን መቀየር

በእርግጥ ከምርት ወጥቷል እንበል። የመጀመሪያው ፈተና ጤነኛው ግማሽ የት ነው ያለው የሚለው ነው። ግድግዳ ላይ፣ ፓነል ላይ ወይም በሌላ ገመድ ጫፍ ከሆነ ክርክር የለውም፤ ሁለቱንም አውጥቶ አዲስ ጥንድ መግጠም ነው። የፓነሉ ቀዳዳ ሰፍቶ ከተገኘ ብረት ቆርጦ ማጥበቂያ ሳህን መሥራት ለማንኛውም ጋራዥ ቀላል ነው። ማሽኑ ከተተከለበት የማይነቃነቅ ከሆነ ደግሞ ኮኔክተር ለምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። በተርሚናል ሳጥንና በማብሪያ ማጥፊያ መተካት ከማንኛውም ስፒና ይበልጣል።

ጤነኛው ግማሽ ሞተሩ ወይም መለኪያው ውስጥ ታትሞ የተሠራ ከሆነና ማውጣት መሣሪያውን የሚያበላሽ ከሆነ ብቻ ነው ማደን የሚያስፈልገው። ያኔም አንድ ጊዜ የተገኘውን ግማሽ በአጭር ገመድ ላይ አስሮ፣ በሌላኛው ጫፍ ዛሬ የሚገኝ ኮኔክተር መግጠም ይቻላል። አሮጌው ከሞተሩ ጋር ለዘለቄታው ተገጥሞ ይቀመጣል፤ በየጊዜው የሚነቀለውና የሚያረጀው አዲሱ ይሆናል።

ማደን የግድ ከሆነ ምን አለሽ ተራም ሆነ ውጭ ያለ የትርፍ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ የሚገኘውን በጥንቃቄ ያዩታል። ሳጥኑ ያልተከፈተ ነው መባሉ አያጓጓዎ፤ ላስቲኩ መደርደሪያ ላይም ይደርቃል። በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ካልተመለሰ ውኃ አይከላከልም። ሴቴውን በትክክለኛው ውፍረት ባለ ፒን ይፈትኑት፤ ፒኑ በራሱ ክብደት ከወደቀ ያ ቀዳዳ ላልቷል። የላላ መገናኛ ሙቀት ነው። 32 አምፔር በ10 ሚሊ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 10 ዋት በአንዲት ፒን ጫፍ ላይ ይሞቃል፤ የቀለጡት ስፒናዎች ታሪክ ብዙው ይኸው ነው።

መግጠሙ አይበቃም

አዲሱ ኮኔክተር ከአሮጌው በቮልት፣ በአምፔርና በውኃ መከላከያ ደረጃ ማነስ የለበትም። አይ ፒ 67 የነበረውን በአይ ፒ 44 ተክቶ በውኃ በሚታጠብ ወለል ላይ ማዋል የሚያስከፍለው ኋላ ነው። እኛ አገር ደግሞ ብዙዎች የማያዩት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ከፍታ ነው። በኤሌክትሪክ ደረጃዎች ውስጥ በፒኖች መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት የሚሰላው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። በ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 እንዲባዛ ይጠየቃል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ነው። ለተለመደው ቀይ ስፒና ይህ የሚያሳስብ አይደለም፤ ፒኖቹ በጣም ለተጠጋጉና በቮልቴጅ ጣሪያቸው ለሚሠሩ ትንንሽ ኮኔክተሮች ግን አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መምረጥ ይበጃል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ወንዴና ሴቴን ማገላበጥ ነው። ኤሌክትሪክ የሚመጣበት ወገን ሁልጊዜ ሴቴ ነው፤ የሚቀበለው ወንዴ። ገበያ ላይ የተገኘው ተቃራኒው ስለሆነ ብቻ ገልብጦ የገጠመ ሰው፣ ስፒናው ሲነቀል 380 ቮልት የተሸከሙ ፒኖች ራቁታቸውን እንዲንጠለጠሉ አድርጓል።

ሽቦ ሲያስሩ ቀለም አይመኑ። በጀርመን እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ አጋማሽ የመሬት ሽቦ ቀይ ነበር። ጥቁሩ በአሜሪካ ፌዝ ነው፣ በድሮው የእንግሊዝ ሥርዓት ኒውትራል ነው። እያንዳንዱን ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት በቁጥር ምልክት አድርገው ይጻፉት፤ በሜትር ያረጋግጡት። በአሜሪካው ክብ ኮኔክተር ላይ ፒኖቹ በላቲን ፊደል ሲሰየሙ አይ፣ ኦ እና ኪው ይዘለላሉ፤ ይህን ያላወቀ ሰው ከዘጠነኛው ፒን ጀምሮ ሁሉንም በአንድ ያዛንፋል። በስታኞ የተነከረ የሽቦ ጫፍ በቪቴ ሥር አይታሰርም፤ ስታኞው ቀስ እያለ ይሸሻል፣ ቪቴው ይላላል። ፌሩል ገጥሞ በመቆንጠጫ መጫን ነው።

ኃይል ከመስጠትዎ በፊት ከማሽኑ ገላ እስከ ስፒናው የመሬት ፒን ግንኙነቱን ይለኩ። ኤሌክትሮኒክሱን ነጥለው በሜገር ይፈትሹ። ሦስት ፌዝ ከሆነ የፌዞቹን ቅደም ተከተል ይዩ፤ በተቃራኒ የሚዞር ፓምፕ በቂ ውኃ አይሰጥም፣ በተቃራኒ የሚዞር የማቀዝቀዣ ኮምፕረሰር ደግሞ ሊሰበር ይችላል።

ይህ ሁሉ ድካም ግን ከመነሻው ሊቀንስ ይችላል። አዲስ ማሽን የሚገዙ ድርጅቶች ውል ሲፈርሙ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲያስገቡ እመክራለሁ። አንደኛው፣ ሻጩ የእያንዳንዱን ኮኔክተር አምራች ስምና የአምራቹን ቁጥር በዝርዝር እንዲያስረክብ። ሁለተኛው፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ መጠባበቂያ ጥንድ ከማሽኑ ጋር እንዲልክ። ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ወጪው ኢምንት ነው፤ ሻጩም የሚቀበለው ገንዘቡ ሳይከፈለው ነው እንጂ ከተከፈለው በኋላ አይደለም።